በካስክ የደረቀው አይጥ

አይጥ የሚባል ፍጡር ቤቴ ገብቶ በሰላም የወጣ አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ በመጥረጊያ፣ በወጥመድ፣ ሲብስም በጫማዬ ተረከዝ ስሸኘው ኖሬአለሁ። በስተርጅናዬ ግን ያሳደግኳት የልጅ ልጄ አይጥ በሣጥን ተሸክማ መጣችብኝ። አንድ ሁለት ቢሆን ደግ፤ መደርደሪያ ሙሉ!

"እማ፣ የምሠራበት የምርምር ተቋም የእንስሳት ክፍል ጣሪያ እየታደሰ ነው። እስኪያልቅ ብቻ" አለችኝ።

"ለአይጥ ጣሪያ ይታደሳል? የእኔ ሲያፈስ ማን አየልኝ?"

"እኔ ነኝ ያሠራሁልሽ።"

እውነቷን ነው፤ እሷ ናት ያሠራችው። አፌን ያዘችኝ፣ የጓዳዬንም ክፍል ያዘችው።

የፊተኛው ክፍል ድሮ ፀጉር ቤቴ ነበር። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ፣ መስታወቱ፣ ወንበሩ አሁንም እዚያው ናቸው። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አላውቅም፤ ፊደል የለቀምኩት ከቀለም ቆርቆሮና ከሳሙና ካርቶን ላይ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሰፈር በእጄ ሳታልፍ የተዳረች ሴት ካለች፣ ወይ እሷ መላጣ ናት ወይ ባሏ ዕውር ነው።

ልጅቷ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን ተምራ፣ ምን ትሠሪያለሽ ሲሏት "የዱር አይጥ የፀጉር ቀለም አጠናለሁ" ትላለች። ሳታፍር! ሰው የልጅ ልጅሽ ምንድን ናት ሲለኝ ሐኪም ናት እላለሁ። የምን ሐኪም ሲለኝ የቆዳ ብዬ መንገዴን እቀጥላለሁ።

"አይጥ ግራጫ ነው፤ አለቀ። ምኑ ይጠናል?" አልኳት አንድ ቀን፣ ከሽታው የተነሣ አፍንጫዬን ይዤ።

"አላለቀም። ቤት ውስጥ ያለው ጠቆር ይላል። ወንዙ ዳር አሸዋው ላይ ያለው ነጣ ይላል። ኖራ የሚወጣበት ጉድጓድ አጠገብ ያለውም ነጣ ይላል። ዘራቸው አንድ ነው፤ ፀጉራቸው ነው የሚለየው።"

"ኖራ ቦንኖበት ነዋ! እጠቢው።"

"አጥቤው አየሁ፣ እማ። አይለቅም። ነጭ መሬት ላይ ጥቁር አይጥ ሲሮጥ ጉጉት ከላይ ያየዋል፣ ይበላዋል። ነጣ ያለው ይተርፋል፣ እሱን የሚመስል ይወልዳል። እንደዚያ እያለ አገሩ ሁሉ ነጣ ይላል።"

ከዚያ ዘረመል የሚሉትን ነገር ታስረዳኝ ጀመር። ማንም ፍጡር ለቀለሙ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ትእዛዝ ይወርሳል አለችኝ። አንዱ "ጥቁር" ካለ፣ ሌላው ደግሞ "ነጣ ያለ" ካለ፣ ጥቁሩ ይጮሃል፣ ያኛው ዝም ይላል።

"ዝም አለ ማለት ግን ሞተ ማለት አይደለም። ሳይታይ ከልጅ ወደ ልጅ ያልፋል" አለች።

"እንደ አያትሽ ነዋ። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ሲኖር ዝም እንዳለ ነው።"

ሳቀች። ያኔ ገና ትስቅልኝ ነበር።

የእሷ ጭንቀት ታዲያ ይህ ነው። የአሸዋው አይጥና የኖራው አይጥ የነጡት በአንድ ዓይነት ምክንያት ነው ወይስ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ? አለቃዋ ፕሮፌሰሩ አንድ ነው ይላሉ። እሷ አይደለም ትላለች። ይህን ስትነግረኝ ጭንቅላቴ ዞሮ ነበርና በእኔ ሥራ አስረዳችኝ።

"ሁለት ፀጉር ቤት አስቢ፣ እማ። አንዱ ቀለም አለው፣ ውሃ የለውም። ሌላው ውሃ አለው፣ ቀለም የለውም። ለየብቻ ያቀልማሉ?"

"በምናቸው?"

"አንድ ላይ ቢሆኑስ?"

"ያቀልማሉ።"

"ሁለቱም ያጡት ቀለም ከሆነስ?"

"ባዶ ቤት በባዶ ቤት ላይ።"

"በቃ፣ ገባሽ! የአሸዋውን ወንድ ከኖራዋ ሴት ጋር አጋባቸዋለሁ። ጉድለታቸው አንድ ከሆነ ልጆቹ ነጣ ይላሉ። የተለያየ ከሆነ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላና ልጆቹ ይጠቁራሉ።"

ወሬው ቀላል ነው፤ ችግሩ አይጦቹ ናቸው። አንዱ ጥንድ ይነካከሳል፣ አንዷ ልጆቿን ትበላለች፣ ሌላው ምክንያቱን ሳይናገር ይሞታል። ከአሸዋው የቀረው አንድ ወንድ ብቻ ነበር። አመድ ስለሚመስል አመዱ ብዬዋለሁ። ሥራዋ ይቀጥል ወይ ይቋረጥ ብለው የሚወስኑ ሰዎች ሊመጡ ስለሆነ፣ ያቺ ልጅ ተስፋዋ ሁሉ በአንድ አይጥ ጅራት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ለአመዱ የምትሆን ሴት ልትይዝ ወደ ኖራው ጉድጓድ ሄደች። ስትሄድ በር ላይ ቆማ እንዲህ አለችኝ፦

"እህልና ውሃ ብቻ ስጪያቸው። ሣጥናቸውን እንዳታጸጂ። ስመለስ እኔ አጸዳለሁ። አደራ፣ እማ፣ እንዳትነኪያቸው።"

"የስንት ሙሽራ ጭንቅላት የያዝኩ ሴትዮ አይጥ መያዝ ያቅተኛል? ሂጂ ወዲያ!"

ሄደች። ታገስኩ። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ታገስኩ። ሽታው ከጓዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ትራሴ ሲደርስ ግን፣ እኔ በሕይወት ዘመኔ ቆሻሻ ላይ ተኝቼ አላውቅም ብዬ ተነሣሁ። የሁሉንም አጸዳሁ። የአመዱ ሣጥን የመጨረሻ ነበር። ክዳኑን ከፈት እንዳደረግኩ በእጅጌዬ ላይ ሽቅብ ሮጦ፣ በትከሻዬ ወርዶ፣ ካቢኔው ሥር ገባ። ካቢኔውን አንቀሳቀስኩ። ወገቤ ተንቀሳቀሰ፣ እሱ የለም። በዳቦ ለመንኩት፣ በእንጨት ጎረጎርኩት፣ በአያት በቅድመ አያቱ ሰደብኩት። ወጥመድ አኖርኩ፤ ከእነዚያ ሳይገድሉ ከሚይዙት። ጠዋት ላይ ወጥመዱ ውስጥ አንድ አይጥ ተቀምጦ ያየኛል። ጠቆር ያለ፣ ተራ የቤት አይጥ። ወንድ። ወንድ መሆኑን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም።

ልጅቷ ደወለች። "ነገ ከሰዓት እገባለሁ። አመዱ ደህና ነው?"

"ምን ይሆናል ብለሽ ነው?" አልኳት።

በቃ፣ ከአፌ ወጣ። "እንዳትነኪያቸው" ስትል የነበረው ድምጿ ጆሮዬ ላይ ነበር። እንዴት ብዬ አመለጠኝ እላለሁ?

ታዲያ እጄ ምን ያውቃል? ጥቁር ፀጉር ማንጣት ያውቃል። የማንጫው ዱቄት ከመሳቢያው አልጠፋም። ለስለስ አድርጌ በጠበጥኩ፣ አይጡን በፎጣ ጠቀለልኩ፣ ዓይኑንና አፉን ጠብቄ ቀባሁት። ነከሰኝ። ከዚህ የባሱ ሙሽሮች ነክሰውኛል። ደጋግሜ አለቅልቄ፣ ልጅቷ ለመለያ አመዱ ላይ እንዳደረገችው፣ ሁለት የቀለም መስመር ጅራቱ ላይ አሠመርኩ። እርጥብ አይጥ በብርድ እንዳይሞትብኝ ደግሞ በወንፊት ከድኜ ካስኩ ሥር አኖርኩት።

ይህን ጊዜ ነው ጎረቤቴ መርፌ ሳታንኳኳ የገባችው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ከሥራ ዕቃዋ ስለማይለይ መርፌ እንላታለን።

"ውይ! ደንበኛ መጣልሽ እንዴ?" ብላ ወንፊቱን አጎንብሳ አየች። "አይጥ ነው!"

"ዝም በይ።"

"አይጥ ካስክ ውስጥ! ፀጉሩንስ በቢጎዲን አልጠቀለልሽለትም? ሠርጉ መቼ ነው?"

"ነገ ነው" አልኳት፤ እውነቴን ነበር።

ሁሉን ነገርኳት። እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ አስማልኳት፤ ለማንም፣ በምንም፣ ቢገድሏት እንዳትናገር። መርፌ ወሬ ትወዳለች፣ መሐላ ግን ትፈራለች። ማለች። አይጡንም ምትኩ ብላ ስም ያወጣችለት እሷው ናት።

የልጅ ልጄ መጣች፣ ምትኩን አየችው። "ትንሽ ከሳ ልበል?" አለች። "ናፍቀሽው ነው" አልኳት። ከኖራዋ ሴት ጋር አንድ ላይ አደረገቻቸው። እኔም ተገላገልኩ አልኩ። አይጥ አይጥ ነው፣ ሰነፍ እስካልሆነ ድረስ ይወልዳል፣ ልጅቷ ደስ ይላታል፣ አለቀ። ቀለሙ እንዲህ ነገር ያመጣል ብዬ መች አሰብኩ? ነገሩን እየሰማሁት አልሰማሁትም፤ ፀጉር ቤቱን ሰማሁ እንጂ አይጡን አልሰማሁም።

ወለደች። ግልገሎቹ ጣት የሚያካክሉ ቀያይ መላጦች ነበሩ። ሰንብተው ፀጉር አወጡ፤ ሁሉም ጥቁር! ልጅቷ ከጓዳ እየጮኸች ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"ጠቆሩ! እማ፣ ሁሉም ጠቆሩ! የአሸዋውና የኖራው የተለያየ ነው! እኔ ነበርኩ ልክ!"

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ቀለም ያለው ቤት፣ ውሃ ያለው ቤት... ጥቁር አባት ነዋ የወለዳቸው! ጥቁሩ ይጮሃል ብላኝ የለ? ጮኸ እንጂ! እሷ ግን ለፕሮፌሰሩ ደወለች። ፕሮፌሰሩ ለሰዎቹ ደወሉ። ያ የቀባሁት አይጥ ገና ስንት ሰው ጋ እንደሚያስደውል እያሰብኩ ካስኩ ሥር ተቀመጥኩ።

"አንድ ቤተሰብ ብቻ አይበቃም፣ ገና ብዙ መደገም አለበት" አለችኝ ዓይኗ እያበራ፤ "ግን ሥራውን አያቋርጡብኝም። አመዱን በያዝኩት ቀን ፀጉር ከነሥሩ ነቅዬ ለላቦራቶሪ ልኬ ነበር። አሁን የግልገሎቹንም ላክሁ። አባትነቱን ያረጋግጡታል።"

"ባይመሳሰልስ?" አልኳት፣ ፎጣ የማጥፍ መስዬ።

"እንዴት ባይመሳሰል? አባታቸው እሱ ነው።"

"እንዲያው፣ ቢሆንስ?"

"ያኔማ አይጡን ለወጠች፣ ወይም ቀባች ይሉኛል። አጭበርባሪ ይሉኛል፣ እማ። ከዚያ በኋላ በዚህ ሥራ ማንም አያምነኝም።" ሳቅ አለች። "ደግሞ ማን አይጥ ይቀባል?"

ማን ይቀባል! መርፌ ጋ ሮጥኩ።

"ንገሪያት" አለችኝ፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች።

"አፍ የለኝም።"

"አንቺ? አንቺ አፍ የለሽም? ይህን እኔ ሞቼ ልስማው!"

ሰዎቹ በሚመጡበት ጠዋት ልጅቷ ልብሷን ልትተኩስ ስትገባ ምትኩን አወጣሁት። ሆዱን እፍ ብዬ አየሁ። ወጥቷል። ሥሩ ወጥቷል፤ ጥቁር በጥቁር፣ ከሆዱ ጀምሮ ወደ ጎኑ እየወጣ ነው። የአይጥ ፀጉርም እንደ ሰው ፀጉር ያድጋል ማለት ነው፤ ማን ይነግረኛል? ዱቄቱን አወጣሁ። በጠበጥኩም። ብሩሹ እጄ ላይ ነው፣ አይጡ ጉልበቴ ላይ ነው። ጊዜ አለኝ፣ ሆዱን ብቻ ባነካካው ዛሬን ያልፋል።

ታዲያ ነገስ? ሥር የወጣበትን ፀጉር አንዴ መሸፈን ከጀመርሽ እስክትሞቺ መሸፈን ነው። ስንት ሴት በዚህ ወንበር ላይ በየወሩ እያለቀሰች ስትመላለስ አይቻለሁ! እነሱ የሸፈኑት የራሳቸውን ነው። እኔ የምሸፍነው ግን በዚህች ልጅ አንገት ላይ ሊታሠር ነው። ብሩሹን ጣልኩት።

"ነይ ወዲህ!" ብዬ ጮህኩ። "ነይ፣ ይህን ጉድ እይ!"

ካውያዋን እንደያዘች መጣች። ዱቄቱን አየች። ብሩሹን አየች። ምትኩን ከጉልበቴ አንሥታ ሆዱን እፍ አለችበት። እንደ እኔው ነው የምታየው፤ ፀጉሩን ከፍላ፣ ከሥሩ።

"አመዱ የታለ?"

"አመለጠ። ሳጸዳ።"

"አታጽጂ ብዬሽ ነበር።"

"ብለሽኝ ነበር።"

"እማ፣ ቀባሽው? አይጥ ቀባሽ?"

"ቆዳውን አላቃጠልኩትም" አልኩ። ከዚያ ሁሉ ነገር መርጬ ያልኳት ይህን ነው!

ካውያውን መሬት ላይ አስቀምጣ እሷም እዚያው ተቀመጠች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በሩ ተንኳኳ።

ፕሮፌሰሩ፣ አንዲት ቀጭን ሴትና አንድ የሚያዛጋ ሰውዬ ገቡ። ልጅቷ አፏን ከመክፈቷ በፊት እኔ ቀደምኩ። መሐል ክፍሉ ላይ ቆሜ፣ ሻሼን አስተካክዬ፣ ከሣጥኑ ጽዳት እስከ ካስኩ ድረስ ዘረገፍኩላቸው። የሚያዛጋው ሰውዬ ማዛጋቱን አቆመ።

ፕሮፌሰሩ ግን ከእኔ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው ልጅቷን ተመለከቱ። "ሥሩ መውጣቱን ስታዪ ነው አያትሽን ያስጠናሻቸው?"

"ማን ነው የሚያስጠናኝ?" አልኩ። "እኔን?"

"እናቴ፣ ለልጅዎ ብለው እንደሆነ ይገባኛል..."

"ምንም አይገባዎትም! ምስክር አለኝ!" በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ተጣራሁ፤ "መርፌ! ነይ ቶሎ!"

መርፌ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ መጣች። ሦስት ባዕድ ሰው ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

"ያየሽውን ንገሪያቸው" አልኳት።

"ምን አየሁ? ምንም አላየሁም።"

"ካስኩ ሥር ያየሽውን!"

"የምን ካስክ? ይህች ሴትዮ አይጥ ካየች ወንበር ላይ ነው የምትወጣው" ብላ ወደ ሰዎቹ ዞረች። "አይጥ ነክታ አታውቅም። ልማልላችሁ።"

"መርፌ!"

"ምን ላድርግ? ቢገድሉኝም እንዳልናገር አስምለሽኝ የለም ወይ?"

"ያኔ ነዋ! አሁን ተናገሪ!"

"መሐላውንስ ማን ያወርድልኛል?"

"እኔ አውርጄልሻለሁ!"

"አንቺ ቄስ ነሽ?"

"ያሰርኩት እኔ፣ የምፈታው እኔ! ወንፊት አልነበረም? ቢጎዲን አልጠቀለልሽለትም አላልሽም?"

"ብያለሁ! ታዲያ ካስክ ውስጥ አይጥ አይቼ ምን ልበል? ምትኩ ያልኩትም እኔ ነኝ! እንዳልናገር አስምለሽ፣ አሁን በሰው ፊት ውሸታም ታደርጊኛለሽ!"

"አንቺ ደንቆሮ፣ ልጄን ልታስበዪብኝ ነው እኮ!"

"አንቺ ነሽ ያስበላሻት! እኔ አልነጣሁት!"

እንዲህ ስንጯጯህ ቀጭኗ ሴት አፏን በእጇ ሸፈነች። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"ይህን ማንም ሊያስጠናቸው አይችልም" አሉ በመጨረሻ።

ልጅቷን አላወገዟትም። አልማሯትምም። ጥንዱ ከሥራው ይሰረዛል፣ ለላቦራቶሪው እውነቱ ዛሬውኑ ይነገራል፣ አይጦቹ በሙሉ ከዚህ ቤት ይወጣሉ አሉ። ሥራው አይቋረጥም፣ ግን ከአሸዋው ዳር እንደገና ይጀመራል። "በየቀኑ ስታዪው ፀጉሩን ከፍለሽ አንድ ቀን አላየሽም?" አሏት። አንገቷን ደፋች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ሲጠራ ማንን እንደሚያቃጥል ግን አይናገሩም።

አይጦቹን ጭነው ወሰዱ፤ ምትኩን ብቻ ተራ የቤት አይጥ ነው ብለው ተዉት። ልጅቷ ሳታናግረኝ ሰነበተች። ትገባለች፣ ትበላለች፣ ትወጣለች። ዝምታ ከአያቷ ወርሳለች ማለት ነው፤ ይኸው፣ የተደበቀው ብቅ አለ! በየማዕዘኑ ለአመዱ ወጥመድ አኖረች። የተያዙት ሁሉ ጥቁሮች ነበሩ። እሱ የት እንደገባ እሱና ካቢኔው ያውቃሉ።

ወደ ወንዙ በምትሄድበት ቀን ሻንጣዋን ስታሥር በር ላይ ቆምኩ።

"እኔም ልምጣ። ወጥመድ እይዝልሻለሁ።"

"አይሆንም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ተንበርክኬ ልለምንሽ? ጉልበቴ አይታጠፍም።"

ጓዳ ገብታ አንድ ሣጥን ይዛ ወጣች። ምትኩ ነበር። ከአንገቱ በታች ጠቁሯል፤ ማንጫው የቀረው አናቱ ላይ ብቻ ነው፣ ቀለሙን ችላ ያለች አሮጊት መስሏል።

"ለእኔ አይጠቅመኝም፣ አንቺ ጋ ይቆይ" አለች። "እህልና ውሃ ስጪው። ካመለጠ ደውይልኝ። አመለጠ በይኝ። በቃ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"እሺ" አልኩ።

እሺ ማለት ቀላል ነው። ትናንት ጠዋት ሽታው ትራሴ ድረስ መጣ። ክዳኑን በጣም ትንሽ፣ እጄ ብቻ እንዲገባ አድርጌ ነው የከፈትኩት። በእጅጌዬ ሽቅብ፣ በትከሻዬ ቁልቁል፣ ካቢኔው ሥር። ያንኑ መንገድ! ማን እንዳስተማረው እንጃ።

ልጅቷ ለአመዱ ባኖረችው ወጥመድ ውስጥ ሌላ አይጥ ነበር። ጠቆር ያለ፣ በቁመቱም በውፍረቱም እሱን የሚመስል። አናቱን ብቻ ነካ ባደርገው እናቱም አትለየውም። ለረጅም ጊዜ ተያየን። መሳቢያውን አየሁ። ከዚያ ስልኩን አነሣሁ።

"ሃሎ?" አለች። ከኋላዋ ንፋስና ውሃ ይሰማል።

"አመለጠ።"

"ማን?"

"ምትኩ ነው። አመለጠ" አልኩ ደግሜ። "ይኸው፣ አልኩሽ።"

"እያጸዳሽ ነበር?"

"ታዲያ ይግማ?"

መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ያ ከሆድ የሚወጣ ሳቋ፤ ንፋሱን ሁሉ ሸፈነው። የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም፣ እንዳይመስላት። ስልኩን ዘጋሁና ካቢኔው ሥር ዳቦ ላኖር ጎንበስ አልኩ።